«ሲስተም የለም» በሚባልበት ከተማ ብሎክቼን ምን ይሠራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ ወሎ ውስጥ ባንድ ከተማ የመሬት አገልግሎት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። አለቆቼ ከሥልጠና ተመልሰው ‹ከተማዋን ስማርት ሲቲ እናደርጋታለን፤ ካርታው በብሎክቼን፣ አገልግሎቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሆናል› አሉና ዕቅድ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሙስናን ከሥሩ ይነቅላል ተብሏል። እውነት ነው? ከየትስ ልጀምር? የመዝገብ ቤት እናቶችም ‹በማሽን ልትተኪን ነው ወይ?› እያሉኝ ነው።»

እህቴ፣ አብሽሪ። ከእናቶቹ ልጀምር። ማንም አይተካቸውም። እንዲያውም ዕቅዱ የምር ከሆነ በጣም የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

«ሙስናን ከሥሩ ይነቅላል» የሚለውን ግን ዕቅድሽ ላይ እንዳትጽፊው። ብሎክቼን አንድ ዓይነት ሌብነትን ያከብዳል፤ የተጻፈን መዝገብ ቆይቶ መደለዝን። እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ግን እኔ ካየሁት የመሬት ሌብነት ብዙው የሚያልቀው ከመጻፉ በፊት ነው። ቀያሹ 200 ካሬውን 260 ብሎ ይዞ ከመጣ ብሎክቼኑ 260 ብሎ ይቀበለዋል። ሜትር ይዞ ወርዶ አይለካም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያን 260 ማንም እንዳይነካው ይጠብቅለታል። ሌባው ደስ ይለዋል እንጂ ምን ይከፋዋል?

አለቆችሽ «እስቲ አስረጂን» ሲሉሽ በቅሬ አስረጃቸው። ወሎዬ ሆኖ ቅሬ የማያውቅ የለም። (ሌላ አገር ያላችሁ እድር በሉት።) እኔ ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቅሬ የሚሰበሰበው እኛ ግቢ ነበር። የገንዘቡ ሣጥን ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ ከዳኛው፣ አንዱ ከጸሐፊው፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሣጥኑ ነበር። እኔን ግን ይገርመኝ የነበረው መዝገቡ ነው። ጸሐፊው የወሩን መዋጮ ጽፎ ሲጨርስ ቆሞ ያነባል። «ካለፈው የዞረ ይሄን ያህል። ዛሬ የገባ ይሄን ያህል። ወጪ ይሄን ያህል። ወደሚቀጥለው የሚዞር ይሄን ያህል።» ሐጂውም ቄሱም ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ይሰማሉ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማንበብ አይችሉም፤ ግን የዞረውን ቁጥር ወር ሙሉ በጭንቅላታቸው ይዘውት ይቆያሉ። በሚቀጥለው ወር ጸሐፊው «የዞረ» ብሎ ሲጠራ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን አልነቀነቁም። ጸሐፊው ደንግጦ ገጹን ሲያገላብጥ ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ኖሯል።

ብሎክቼን ይኸው ነው። እያንዳንዱ ገጽ ያለፈውን ገጽ «የዞረ» ይዞ ይጀምራል፤ ያን የዞረውን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው ይይዘዋል። ልዩነቱ፣ የሚዞረው የብር ድምር ሳይሆን «ሐሽ» የሚባል አሻራ መሆኑ ነው። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ቀመር ከማንኛውም ጽሑፍ፣ ከአንዲት ቃልም ይሁን ከሙሉ ማኅደር፣ 64 ምልክት ያለው አሻራ ያወጣል። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትነኪ አሻራው ከዳር እስከ ዳር ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ገጽ የደለዘ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን ገጽ ሁሉ መደለዝ አለበት። በሌሎቹ ሰዎች እጅ ያለውንም ጭምር።

ይሄ ሐሳብ ቢትኮይን ከሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ይቀድማል። ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ሰነድን በአሻራ ሰንሰለት ማሰርን ጻፉ። ከ1995 ጀምሮ ድርጅታቸው የሳምንቱን አሻራ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጠበብ ባለች ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። ጋዜጣው በየቤቱ ስለገባ ማንም ሰብስቦ ሊቀይረው አይችልም። የቢትኮይኑ የ2008 ጽሑፍም ሥራቸውን ይጠቅሳል።

ይሄን ያመጣሁት ታሪክ ለማውራት አይደለም። ላንቺ ቢሮ የሚሆነው ይሄ ይመስለኛል። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የዳታቤዙን አሻራ አውጪ። 64 ምልክት ናት፤ አንድ መስመር። አትሚና ማኅተም ተደርጎባት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትለጠፍ። አንድ ቅጂ ለፍርድ ቤቱ፣ አንድ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ለኦዲተር ይላክ። የቅሬው ሽማግሌ ማለት እነሱ ናቸው። ዋጋው የወረቀትና የቀለም ነው። ይሄን ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ መለጠፍ ያልቻለ ቢሮ በሚሊዮን ብር ብሎክቼን ገዝቶ ያስተዳድረዋል ብዬ አላምንም።

ታዲያ እውነተኛው ብሎክቼን መቼ ነው የሚያስፈልገው? እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ስንት መሥሪያ ቤት ነው? አንድ ብቻ ከሆነ መደበኛ ዳታቤዝ በቂ ነው፤ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብ ሎግ ጨምሪበትና አሻራውን ለጥፊ። የሚጽፉት ብዙ ከሆኑና ሁሉም በአንዱ ሰርቨር ላይ እምነት ከሌላቸው ግን ነገሩ ይለያል።

ካርታ ላይ የሚጽፈው ብዙ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ይጽፋል። ባንክ ለብድር ሲይዝ ያሳግዳል። ፍርድ ቤት እግድ ይሰጣል። ውልና ማስረጃ ሽያጩን ያጸድቃል። ገቢዎች ክሊራንስ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው የሰው ቤት የሚፈርሰው። አጎቴ ከዓመታት በፊት ቤት ገዛ፤ የት ከተማ እንደሆነ ይቅር። ማኅደሩ ታየ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ስም ሊዞር ሲል የሻጩ ወንድም ከፍርድ ቤት እግድ ይዞ መጣ። እግዱ አዲስ አልነበረም። ከሽያጩ በፊት ለቢሮው ደርሷል። በገቢ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ ቁጥርና ቀን አለው። ማኅደሩ ውስጥ ግን የለም። ተሰርቆ ይሁን፣ ሌላ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ይሁን ማንም አላወቀም። አጎቴ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ጠበቃው፣ ትራንስፖርቱ፣ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል»ው... ተይው።

ይሄን ችግር የሚፈታው ፍርድ ቤቱ ራሱ እግዱን የሚጽፍበት፣ ከተማው ሊሰርዘው የማይችል፣ ባንኩም ውልና ማስረጃውም እዚያው የሚያዩት የጋራ መዝገብ ነው። አራት አምስት መሥሪያ ቤት እኩል ቅጂ ይይዛል። እንዲህ ላለው ሥራ የታወቁ ተቋማት ብቻ የሚገቡበት ብሎክቼን አለ፤ ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ አንዱ ነው። እንደ ቢትኮይን ኮምፒውተሮች ገጹን ለመዝጋት የሚፎካከሩበት ማይኒንግ የለውም፤ ያን ያህል መብራት አይበላም። ስለዚህ ዕቅድሽ ላይ ብሎክቼን የሚለው ቃል የግድ መግባት ካለበት እዚህ ጋ አስገቢው። በካርታው ላይ ሳይሆን በእግዱና በዕዳው መዝገብ ላይ። ጠባብ ናት፤ ግን ባለጉዳይ የሚያለቅስባት ቦታ ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብሎክቼን ላይ የሚጽፍ ሰው በቁልፍ፣ ማለትም የእሱ ብቻ በሆነ ምስጢራዊ ኮድ፣ ይፈርማል። አንድ ቢሮ ገብቼ ፓስዎርዱ በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ጫፍ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ አይቻለሁ። አራት ሰው ይጠቀምበታል። አንዷ ወሊድ ላይ ነች፤ ፊርማዋ ግን በየቀኑ ይሠራል። እንዲህ ባለበት ብሎክቼን ብናስገባ የሚሆነው፣ ያልፈረመችውን ሴትዮ መካድ በማይቻል ማስረጃ ማሰር ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁልፍ። ሰው ሲዛወር በዚያው ቀን የሚዘጋ።

የውጭውን ልምድ አለቆችሽ መጥቀሳቸው አይቀርም። ጆርጂያ በ2016 እ.ኤ.አ. ቢትፈሪ ከሚባል ኩባንያ ጋር የመሬት መዝገቧን አሻራ በቢትኮይን ሰንሰለት ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ተሳካላት። ግን የመዝገብ ኤጀንሲዋን ያደራጀችው በ2004 ነው። አሥር ዓመት ከላይ መዝገቧን ስታጸዳ ቆይታ ነው አሻራ የጫነችበት። ሆንዱራስ በ2015 ፋክተም ከሚባል ኩባንያ ጋር ተመሳሳይ ነገር አስባ ብዙም ሳይሄድ ቆመ። ኢስቶኒያ ሁሌ ይጠቀሳል። ሥራቸው ያምራል። ግን መሥሪያ ቤቶቹን የሚያገናኘው ኤክስ-ሮድ በ2001 የተሠራ ነው፤ ብሎክቼን አይደለም። በ2007 የሳይበር ጥቃት ከደረሰባቸው በኋላ መዝገቦቻቸውን የሚጠብቅ የአሻራ ሰንሰለት አከሉበት። እዚያም ሰነዱ የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሰንሰለቱ ላይ ያለው አሻራው ብቻ ነው።

ይቺን «አሻራው ብቻ» የምትለዋን በደንብ ያዣት። የሰው ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ስልክ፣ የጋብቻ ሁኔታ ሰንሰለቱ ላይ አይወጣም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው ስለራሱ የተመዘገበ ስሕተት እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት አለው። የማይሰረዝ መዝገብ ላይ ስሙን ከጻፍሽበት ምን ብለሽ ታርሚለታለሽ?

አሁን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ልምጣና እናቶቹን ላንሳ።

አለቆችሽ ያሰቡት ምናልባት ከባለጉዳይ ጋር የሚያወራ ሮቦት ነው። እኔ ብሆን ከዚያ አልጀምርም። ከስም እጀምራለሁ። እስቲ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ማኅደሮች እዪያቸው። ሙሐመድ፣ ሙሃመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሐመድ። ጸጋዬና ፀጋዬ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ኀይሌ። አንዱ ሰው በካርታው ላይ በአንዱ፣ በግብር ደረሰኙ ላይ በሌላው፣ በፋይዳው ደግሞ በሦስተኛው ይጻፋል። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ሐ እና ሀ እንደ መ እና ቀ ናቸው። ከላይ አንዲት ፊደል ስትነካ አሻራው ሌላ ይሆናል ያልኩሽ እዚህ ላይ ይቆጠቁጣል። ስሙ ሳይስተካከል የታሰረ ሰንሰለት አንዱን ሰውዬ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆልፈዋል።

ግማሽ መንገዱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አይፈልግም። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ ፍጠሪ፤ ሐን፣ ኀን፣ ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሺ። ዋናውን ስም ግን አትንኪው፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ይኑር። የቀረው አስቸጋሪው ነው፤ ሙሐመድና ሞሐመድ፣ የአያት ስም የጎደለበት፣ ከሐጅ በኋላ «ሐጂ» የተጨመረበት። እዚህ ላይ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የተማረ ፕሮግራም፣ ይረዳል። «እነዚህ ሁለት ማኅደሮች የአንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ያቀርባል። ማስተማሪያው ግን ከየት ይመጣል? ከእናቶቹ። ይሄኛው ሰውዬ የዚያኛው ልጅ እንደሆነ፣ ያኛው ማኅደር በሟች አባት ስም እንደቀረ፣ ያ ቀይ አቃፊ በየትኛው ዘመን እንደተከፈተ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማሽኑ ጥንድ ያቀርባል፤ እናቶቹ «አንድ ናቸው»፣ «አይደሉም»፣ «አጣሩ» ይላሉ። እያንዳንዱ መልሳቸው ሞዴሉን ያስተምራል። ይሄን ሥራ አሥር ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ አይሠራውም።

ዘመን አቆጣጠሩንም እንዳትረሺ። «2012» የሚል የሊዝ ውል በኛ ነው በፈረንጅ? ሁለቱም እንደየጊዜው ተጽፏል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ጳጉሜን የሚባል ወር እንዳለ አያውቅም። የአያትንም ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ጨረታ ላይ ሻጮቹን ስትጠይቂያቸው ከዚህ ጀምሪ፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው አስመዝግቡልኝ በያቸው። ፊታቸውን ማየት ብቻ ይበቃል።

ከባለጉዳይ ጋር የሚያወራውን ነገር አልጠላውም። በድምፅ ቢሆን በተለይ። ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ተነስቶ መጥቶ «አንድ ፎቶኮፒ ይጎድልዎታል» ተብሎ የሚመለስ አባት ከቤቱ ሆኖ ስልክ ደውሎ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ቢሰማ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር ልበልሽ። በኮምፒውተር ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎችም አማርኛን በትንንሽ ቁርጥራጭ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ያው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሲሆን ዋጋው ይወደዳል፣ ይዘገያልም። ሁለተኛው፣ እነዚህ ሞዴሎች ሳያውቁ ደፍረው ይመልሳሉ። የሌለ መመሪያ በጥሩ አማርኛ ይነግሩሻል። ስለዚህ ከቢሮው የጸደቀ መመሪያ ውጭ እንዳይመልስ አድርጊ፤ አንቀጹን ይጥቀስ፤ ካላገኘ «ሰው ላገናኝዎት» ይበል።

ውሳኔ ግን አይሰጥም። ማን ተጠርጣሪ እንደሆነ፣ የማን ማመልከቻ እንደሚዘገይ፣ የማን ይዞታ ሕገ ወጥ እንደሆነ አይወስንም። ሆላንድ እንደኛ መብራት የሚጠፋባት አገር አይደለችም። የግብር መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት መዋያ ድጎማ የሚወስዱ ቤተሰቦችን በማጭበርበር ሥጋት ነጥብ የሚመድብ ሲስተም ተጠቀመ። የዜግነት ሁኔታ አንዱ መመዘኛ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች አጭበርባሪ ተብለው ገንዘብ መልሱ ተባሉ፤ ብዙው ጥፋት አልነበረበትም። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በዚህ የተነሣ የአገሪቱ መንግሥት ሥልጣን ለቀቀ። አለቆችሽ ፍጥነት ሲያወሩሽ ይቺን ንገሪያቸው።

እግረ መንገዴን፣ ስማርት ሲቲ ሲባል ሁሉም ወደ ካርታና ካሜራ የሚሮጥበት ነገር አይገባኝም። ደሴ የጦሳ ተራራ ሥር ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ሰው የሚፈራው ዳገቱ እንዳይንሸራተት ነው። ዝናብ መለኪያና የአፈር እርጥበት መለኪያ በተመረጡ ቦታዎች ተክሎ፣ መረጃውን የሚከታተልና ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሞዴል መሥራት ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅም ቦታው ከሚያሰጋው መስመር ውስጥ መሆኑ እዚያው ካርታው ላይ ይታይ። በጀቱ በኔ እጅ ቢሆን መጀመሪያ እዚህ ላይ ነበር የማውለው።

አሁን «ሲስተም የለም» ወደምትለዋ ቃል። መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሥራው ሁሉ ካቆመ ከወረቀቱ ዘመን የባሰ ነው። ስለዚህ ከሻጩ የምትጠይቂው፣ መስመር ሲቋረጥ እዚያው ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ቀጥሎ ሲመለስ ራሱን የሚያመሳስል መሆኑን ነው። ለባለጉዳዩም ቁጥርና ቀን ያለበት ወረቀት ወዲያው ይሰጠው።

የቅጂውን ነገር ላንቺ መስበክ አያስፈልገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል፤ ኮምፒውተር ተጭኗል፤ ወረቀት ተበትኗል። ያን ያየ ሰው ቅጂ በሌላ ከተማ መቀመጥ አለበት ሲባል አይከራከርም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መመለሱ ነው። ባክአፕ አለን የሚል ቢሮ ሞልቷል። ከባክአፑ መልሶ አስነስቶ ያየ ግን ጥቂት ነው። በዓመት ሁለቴ በባዶ ኮምፒውተር ላይ አስነሺው፤ የሰዓቱን ርዝመትም መዝግቢ። ዓርብ የለጠፍሻት አሻራ እዚህ ላይ ሁለተኛ ሥራ አላት፤ የተመለሰው ዳታ ያው መሆኑን በሰከንድ ትነግርሻለች።

ከየት ልጀምር ብለሽኛል። ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ግቢ። ከመደርደሪያው ሳትመርጪ 100 ማኅደር አውጪ፤ በየአሥረኛው እየቆጠርሽ ቢሆን ጥሩ ነው። ከእናቶቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ቡናም ይፈላ። በእያንዳንዱ ላይ አራት ነገር አስተያዩ። ስሙ ከፋይዳው ጋር ይገጥማል? ካሬው ከግብር ደረሰኙ ጋር ይገጥማል? በገቢ መዝገቡ ላይ የታየው ደብዳቤ ሁሉ ማኅደሩ ውስጥ አለ? ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቃል? ያልገጠመውን ብቻ በስም ሳይሆን በማኅደር ቁጥር ጻፊ። አንድ ሳምንት ይፈጅባችኋል። ስንቱ እንዳልገጠመ ስታውቂ ጻፊልኝና ለአለቆችሽ የሚቀርበውን የመጀመሪያ ገጽ ከዚያ ቁጥር ተነሥተን አብረን እንጽፋለን።